በሁለት ቋንቋ መካከል ስለሚያድግ ሕፃንና መምህራንን ስለሚያሠለጥነው መምህር

«ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ሰው በአንደበቱ እንደሚመዘን ያስረዳል። ይህ አባባል የተነገረው ቃሉን መርጦ ለመናገር ስለሚችል ዐዋቂ ሰው ነው። ነገር ግን ገና አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃንም በአንደበቱ የሚፈረድበት ጊዜ አለ። ያውም ፍርዱ ሕፃኑ በማያውቀው ቋንቋ ሊሰጥና ዕድሜውን ሙሉ ሊከተለው ይችላል። ዛሬ ላወሳላችሁ ያሰብሁት፥ ይህ ፍርድ ትክክለኛ ይሆን ዘንድ ምን ዓይነት ዕውቀት እንደሚያስፈልግና ያንንም ዕውቀት ለመምህራን የሚያስተላልፈው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሥራው ምን እንደ ሆነ ነው። እኔ የዚህ ሙያ ሊቅ አይደለሁም፤ ሊቃውንቱ የደረሱበትን ለሁላችን በሚገባ ቋንቋ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

የሥራው ስም ረዘም ያለ ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ፋኩልቲ ውስጥ፥ በብዙ ቋንቋ መካከል ለሚያድጉ ሕፃናት የሚሰጥ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ይባላል። ስሙን ከፍለን ብንመለከተው ሦስት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛው የሕፃንነት ዕድሜ ነው፤ ይኸውም በትምህርት ሊቃውንት ዘንድ ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ያለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከአንድ በላይ በሆነ ቋንቋ መካከል ማደግ ነው። ሦስተኛው የመስማት፥ የማየት፥ የአእምሮ፥ የንግግር ወይም ሌላ እክል ያለበት ልጅ የሚያስፈልገው ትምህርት ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሰፊ ዕውቀት ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ግን ሦስቱም በአንድ ልጅ ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ፥ ከአዲስ አበባ ሄደው በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት እናስብ። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ዕድሜው አራት ዓመት ነው። ሁለቱም ወላጆች ሥራ ስለሚውሉ ልጁን ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ በቤት የሚሰማውም ቋንቋ አማርኛ ብቻ ነው። መዋዕለ ሕፃናት ከገባ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ከመምህሯ ጋር ግን አንድ ቃል አልተነጋገረም። ሲጠሩት አንዳንድ ጊዜ ይዞራል፥ አንዳንድ ጊዜ አይዞርም። ሌሎቹ ልጆች ተቀምጠው ተረት ሲሰሙ እርሱ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። መምህሯ ደግ ሰው ናት፤ ልጁ እንዲጠቀምም ትመኛለች። ነገር ግን ስለ ዝምታው ምን ትበል?

መልሱ ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል። ምናልባት ልጁ ጤናማ ሆኖ ሳለ እንግሊዝኛው ገና አልገባው ይሆናል። አዲስ ቋንቋ ወደሚነገርበት ቤት የገባ ሕፃን ለሳምንታት፥ አንዳንዴም ለወራት፥ እያዳመጠ ዝም ማለቱ የታወቀ ነገር ነው። ምናልባት ደግሞ ጆሮው በሚገባ አይሰማ ይሆናል። ወይም ቋንቋ የመማር እክል፥ አለዚያም ኦቲዝም ይኖርበት ይሆናል። በውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሦስቱም ዝምታዎች አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። እዚህ ላይ መምህሯ በሁለት በኩል ልትሳሳት ትችላለች።

የመጀመሪያው ስሕተት ቋንቋ ያላወቀውን ልጅ አእምሮው ደካማ ነው ማለት ነው። ይህ በግምት የሚነገር አይደለም፤ በፍርድ ቤት የተመሰከረ ታሪክ አለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ በቤታቸው እስፓንኛ የሚናገሩ 9 ልጆች ወላጆች በክፍለ ሀገሩ የትምህርት ቦርድ ላይ ክስ አቀረቡ። ጉዳዩ በአንዲቱ ልጅ መጠሪያ የዲያና ክስ ተብሎ ይታወቃል። ልጆቹ የአእምሮ መመዘኛ ፈተና የተሰጣቸው በእንግሊዝኛ ነበር፤ በውጤታቸውም ምክንያት የአእምሮ ዘገምተኞች ወደሚማሩበት ክፍል ተላኩ። በኋላ እስፓንኛ በሚያውቅ ባለሙያ በቋንቋቸው ሲፈተኑ አብዛኞቹ ለዚያ ክፍል ከተወሰነው ነጥብ በላይ ሆነው ተገኙ። ጉድለቱ በልጆቹ አእምሮ ሳይሆን በመመዘኛው ላይ ነበር። ክሱም በስምምነት ሲያልቅ፥ ልጆች ከእንግሊዝኛ ሌላ በቤታቸው ቋንቋ ጭምር እንዲፈተኑ ተወሰነ።

ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1974 ዓ.ም.፥ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳን ፍራንሲስኮ ስለነበሩ ቻይናውያን ተማሪዎች ፍርድ ሰጠ። እንግሊዝኛ የማያውቁ 1,800 ያህል ተማሪዎች ምንም ልዩ እርዳታ ሳይሰጣቸው በክፍል ይቀመጡ ነበር። ፍርድ ቤቱም አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር ለሁሉ ስለ ተሰጠ ብቻ ትምህርቱ እኩል ሆነ ሊባል እንደማይቻል አስረዳ። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ሁሉ እንዲማሩ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በዚሁ ሕግ መሠረት፥ ዛሬም ቢሆን፥ ልጁ የሚመረመረው በራሱ ቋንቋ ነው፤ ከዚህ የሚወጣው ይህን ማድረግ ፈጽሞ የማይቻል መሆኑ ግልጽ ሲሆን ብቻ ነው። እንግሊዝኛ አለማወቁ ዋና ምክንያት ሆኖ እክል አለበት ተብሎም ሊፈረድበት አይገባም።

ሁለተኛው ስሕተት የመጀመሪያውን በመፍራት የሚመጣ ነው። መምህሯ በችኮላ ላለመፍረድ ብላ፥ «እንግሊዝኛ እስኪለምድ ድረስ እንጠብቀው» ትላለች። ቤተሰቡም፥ «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም፤ አጎቱም እንዲሁ ነበር» እያለ ራሱን ያጽናናል። አንድ ዓመት ያልፋል፤ ሁለት ዓመት ያልፋል። በመጨረሻ ጆሮው ሲመረመር ከልደቱ ጀምሮ በከፊል የማይሰማ ሆኖ ይገኛል። ያ ሁሉ ጊዜ የቋንቋ መሠረት የሚጣልበት ጊዜ ነበር፤ በስምንት ዓመቱ የሚሰጠው እርዳታ በሁለት ዓመቱ ሊሰጠው ይችል የነበረውን ያህል አይሠራለትም። በ1986 ዓ.ም. የአሜሪካ ሕግ ተሻሽሎ ገና የተወለዱ ሕፃናት እንኳ እርዳታ የሚያገኙበት መንገድ የተከፈተው ስለዚህ ነው። ዛሬ በዚያ አገር ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወላጅ ልጁ እንዲመረመርለት በራሱ ሊጠይቅ ይችላል፤ ምርመራው ያለ ክፍያ ነው፤ ወላጁም ከተስማማ ጥያቄው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ምርመራው ተፈጽሞ፥ እርዳታ የሚገባው ሆኖ ከተገኘ፥ ስለ እርዳታው ከቤተሰቡ ጋር ስብሰባ መደረግ አለበት።

እንግዲህ ሁለቱም ስሕተቶች ልጁን ይጎዱታል። አንደኛው የሌለበትን እክል ይጭንበታል፤ ሁለተኛው ያለበትን እክል ይሸሽግበታል። ታዲያ እውነቱ የሚለየው እንዴት ነው?

የመጀመሪያው መመሪያ ልጁን በሁለቱም ቋንቋ መመልከት ነው። ቋንቋ የመማር እክል ያለበት ሕፃን እክሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን አፍ በሚፈታበት ቋንቋም ይታያል። ከአያቱ ጋር በአማርኛ ያለ ችግር የሚጫወት፥ ተረት የሚያስነግርና የሚከራከር ልጅ በትምህርት ቤት ዝም ቢል፥ ዝምታው የእንግሊዝኛ ነው እንጂ የእክል አይደለም። በአማርኛውም ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ ግን መዘግየቱን በሁለት ቋንቋ ማደጉ አመጣው ማለት አይገባም፤ በሁለት ቋንቋ ማደግ የንግግር እክል አያመጣምና።

ሁለተኛው መመሪያ የልጁን ቃላት ሲቆጥሩ ሁለቱንም ቋንቋ ደምሮ መቁጠር ነው። ልጁ ስለ ወጥ ቤት የሚያውቀውን ሁሉ በአማርኛ፥ ስለ መጫወቻ ሜዳ የሚያውቀውን ደግሞ በእንግሊዝኛ ይዞት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ለየብቻ ብንመዝነው ድሃ ይመስላል፤ ስንደምረው ግን ከእኩዮቹ የማያንስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱን ቋንቋ እየቀላቀለ፥ «እማዬ ዋተር ስጪኝ» ቢልም የመታወክ ምልክት አይደለም፤ ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ሦስተኛው መመሪያ የቤቱን ቋንቋ ጠባይ ማወቅ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ የሕፃኑን የቋንቋ ዕድገት ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ቃል እንደሚያስገባ መቁጠር ነው። አንድ የእኛ ሕፃን፥ «አልሰበርኩትም» ቢል በቁጥር የተናገረው አንድ ቃል ነው። ያንኑ ሐሳብ እንግሊዛዊው ልጅ ሲናገር አምስት ቃል ያስፈልገዋል። በአማርኛው አንድ ቃል ውስጥ ግን አድራጊው አለ፥ የተደረገበት አለ፥ ያለፈው ጊዜ አለ፥ ክሕደቱም አለ። አማርኛ የማያውቅ መርማሪ ቃል ብቻ ቢቆጥር ብልሁን ልጅ ገና ያልተናገረ አድርጎ ይጽፈዋል። እንዲሁም እንግሊዝኛ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚናገረው ድምፅ በአማርኛ የለም፤ ስለዚህ የእኛ ልጅ በእርሱ ፋንታ «ዘ» ወይም «ሰ» ቢል የአንደበት እክል አይደለም። አማርኛ ግስን በመጨረሻ ስለሚያስቀምጥ የእንግሊዝኛውን የቃል ቅደም ተከተል ቢያዛባም አያስደንቅም። በአንጻሩ «ጠ»ንና «ቀ»ን የመሰሉት ድምፆች በእንግሊዝኛ ስለሌሉ፥ ልጁ እነዚህን በአማርኛ እንዴት እንደሚናገር ሊፈርድ የሚችለው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ፈተናውን በቀጥታ መተርጎምም መፍትሔ አይሆንም። በአንዱ ቋንቋ ቀላል የሆነ ቃል በሌላው ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ በቤቱ አይቶት የማያውቀውን ዕቃ ሥዕል አሳይቶ ስሙን መጠየቅም ዕውቀቱን ሳይሆን ኑሮውን መፈተን ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከፈተናው ወረቀት ሌላ ልጁን በጨዋታ መካከል ይመለከታል፤ ቤተሰቡንም ይጠይቃል፤ የሠለጠነ አስተርጓሚም ያስመጣል። ታላቅ እኅትን ወይም ጎረቤትን አስተርጓሚ ማድረግ ግን አደጋ አለው፤ ለልጁ በማዘን መልሱን ያቃኑለታልና።

ወደ ዩኒቨርሲቲው መምህር የምንመለሰው አሁን ነው። ከዚህ በላይ የዘረዘርሁትን ሁሉ ያቺ ደግ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ከወዴት ትማረው? በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ሕፃናት የሚያስተምረው ክፍል ሌላ ነው፤ ስለ ቋንቋ የሚያስተምረውም ሌላ ነው፤ ስለ ልዩ ፍላጎት የሚያስተምረው ደግሞ ሌላ ነው። መምህሯ ከአንዱ ክፍል ተመርቃ ትወጣለች፤ ሦስቱንም በአንድነት የያዘው ልጅ ግን በሦስቱ ክፍሎች መካከል ወድቆ ይቀራል። ለዚህ ሥራ የሚቀጠረው መምህር እነዚህን ሦስት ዕውቀቶች በአንድ ወንበር ላይ የሚያገናኝ ሰው ነው።

ለዚህ ቦታ የሚታጨው ሰው ብዙ ጊዜ የዶክትሬት ዲግሪ ያለው፥ ከዚያም በፊት ራሱ ከሕፃናት ጋር በክፍል ውስጥ የሠራ እንዲሆን ይፈለጋል። ሲጀምር ረዳት ፕሮፌሰር ይባላል፤ ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላም ሥራው ተመዝኖ የቋሚነት መብት ይሰጠዋል ወይም ይሰናበታል። ሥራውም ሦስት ወገን ነው። አንደኛ፥ መምህራን የሚሆኑትን ወጣቶች ያስተምራል፤ በልምምድ ጊዜም ወደ መዋዕለ ሕፃናት እየሄደ ከልጆቹ ጋር ሲሠሩ ተመልክቶ ያርማቸዋል። ሁለተኛ፥ ምርምር ያደርጋል፤ መመዘኛ ባልተዘጋጀላቸው ቋንቋዎች የሕፃናት ዕድገት እንዴት እንደሚሄድ የሚታወቀው በዚህ ምርምር ነው። ሦስተኛ፥ ትምህርት ቤቶችንና ቤተሰቦችን ይመክራል።

የአንድ ሰው ሥራ ይህን ያህል ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፥ በምሳሌ ያህል እናስላ። በዓመት 20 መምህራንን ቢያሠለጥን በ10 ዓመት 200 ይሆናሉ። ከእነዚህ እያንዳንዳቸው በዓመት 15 ልጆች ቢያስተምሩ በአንድ ዓመት ብቻ 3,000 ልጆች በእጃቸው ያልፋሉ ማለት ነው። መምህሩ ትክክለኛውን ካስተማረ ትክክለኛው ለዚህ ሁሉ ልጅ ይደርሳል። ወንበሩ ባዶ ከሆነም እንዲሁ ጉድለቱ ለዚህ ሁሉ ልጅ ይደርሳል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ጉድለት በቤታችን የሚገባው በአንድ አጭር ምክር ነው። ልጃቸው አፉን ያልፈታላቸው ወላጆች፥ «ሁለት ቋንቋ ስለ ከበደው ነው፤ አማርኛውን ተዉትና እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩት» የሚባሉበት ጊዜ አለ። ምክሩ ከበጎ ልብ ይመጣል፤ ማስረጃ ግን የለውም። በካናዳ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው፥ በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ልጆች ተጠንተው ነበር። በ2005 ዓ.ም. በታተመው በዚህ ጥናት የልጆቹ እንግሊዝኛ፥ ተመሳሳይ ሁኔታ ካላቸውና እንግሊዝኛ ብቻ ከሚያውቁት ልጆች አላነሰም፤ ሁለተኛውንም ቋንቋ በተጨማሪ ይዘውታል። ስለዚህ ሸክም ነው የተባለው ቋንቋ ሸክም ሆኖ አልተገኘም።

ከዚህም ሌላ ምክሩ የሚያስከትለውን እንመልከት። እናቲቱ እንግሊዝኛዋ ለሥራ ያህል ነው እንጂ ልጅ ለማባበልና ተረት ለመንገር የሚበቃ አይደለም። አማርኛውን ተዪ ስትባል የምታውቀውን ብዙ ቃል ትታ በማታውቀው ጥቂት ቃል ልጇን ታነጋግራለች። አያቲቱማ ጨርሶ ዝም ይላሉ። እንግዲህ ከሌሎች ልጆች ይልቅ ብዙ ንግግር መስማት የሚያስፈልገው ይህ ሕፃን፥ ከሁሉ ያነሰ ንግግር ወደሚሰማበት ቤት ገባ ማለት ነው። ካደገም በኋላ ከአያቱ ጋር የሚገናኝበት ቃል አይኖረውም።

ይህ ጉዳይ በባሕር ማዶ ላሉት ብቻ የሚነገር አይደለም። አገራችን ኢትዮጵያ ከ80 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል። ሆኖም በከተሞቻችን በቤቱ ኦሮምኛ፥ ጉራጊኛ ወይም ወላይትኛ ሲሰማ ያደገ ሕፃን በአማርኛ ወደሚያስተምር ክፍል መግባቱ የተለመደ ነው። መስማት የተሳነው ልጅም ቢሆን የቤተሰቡ ቋንቋ አንድ፥ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ሌላ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ይሰጣል፤ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 ዓ.ም. አጽድቃለች። በእንግሊዝኛ የተሠራው መመዘኛ ለልጆቻችን እንደማይበቃ ካየን፥ በራሳችን ቋንቋዎች መመዘኛ የሚያዘጋጁ ሊቃውንት ከራሳችን መካከል መውጣት ይኖርባቸዋል። ሙያ ለመምረጥ የምታስቡ ወጣቶች፥ በተለይም ሁለትና ሦስት ቋንቋ ከልጅነታችሁ የታደላችሁ፥ ያ ዕውቀታችሁ በዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት መሆኑን ዐስቡ።

ለወላጆች ደግሞ ጥቂት ምክር አለኝ። ልጃችሁ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን በ12 ወሩ ድምፅ እያሰማ ካልተንተባተበ፥ በ16 ወሩ አንድ ቃል ካላወጣ፥ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ካላገናኘ፥ ወይም በማናቸውም ዕድሜ የያዘውን ንግግር ከጣለ፥ ሳትጠብቁ አስመርምሩት። ከሁሉ በፊት ጆሮው ይታይ። በቤት በአማርኛ የሚናገረውን ቃል በወረቀት ጻፉ፤ ብትችሉም ድምፁን ቅዱት፤ መርማሪው ያላየውን የምታውቁ እናንተ ናችሁና። በአሜሪካ የምትኖሩ፥ ምርመራው በአማርኛ ጭምር እንዲሆን መጠየቅ በሕግ የተሰጣችሁ መብት መሆኑን አትርሱ፤ በዋሽንግተን ከተማም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማያውቁ ሰዎች በቋንቋቸው አገልግሎት እንዲሰጡ የሚያዝ ሕግ አለ፤ አማርኛም አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጃችሁ እክል ቢገኝበት በሐፍረት አትሸሽጉት፤ ጎረቤት ምን ይለኛል እየተባለ የሚያልፈው ዓመት ለልጁ አይመለስለትምና።

ያ በሲልቨር ስፕሪንግ ያሰብነው የአራት ዓመት ልጅ አሁንም በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። መምህሯ በሚገባ የተማረች ከሆነች ነገ ጠዋት አስተርጓሚ ይዛ አያቱን ታስጠራለች፤ «በቤት እንዴት ነው የሚናገረው?» ብላም ትጠይቃለች። አያቱም ስለ ልጃቸው የሚያውቁትን በአማርኛ ይነግሯታል፤ ምርመራውም ከዚያ ይጀምራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ማለታቸው ነው።